ፕሮግራም ፕሮግራምን ሲጠራ

ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ሲቲኤስኤስ ለተባለው ሥርዓት ትዕዛዞችን መጻፍ ነበር። ሲቲኤስኤስ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ተሠርቶ በኖቬምበር 1961 ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የታየ ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው ተቀምጠው አንድን ግዙፍ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩ ያስቻለ ነው። ሰውየው ትዕዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑ ይፈጽማል፤ ውጤቱ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ሰውየው አንብቦ ቀጣዩን ትዕዛዝ ይጽፋል። በሁለት ትዕዛዞች መካከል ምንጊዜም የሰው ዓይንና ጣት አለ።

ፑዛን በደርዘን የሚቆጠሩ ትዕዛዞችን ከጻፈ በኋላ አንድ ሐሳብ አደረበት፦ ትዕዛዞች ራሳቸው ለሌላ ትዕዛዝ መሥሪያ ለምን አይሆኑም? ይህን ይዞ በ1963 እና በ1964 መካከል ራንኮም የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ራንኮም በፋይል ውስጥ በተራ የተደረደሩ ትዕዛዞችን እያነበበ አንድ በአንድ ያስፈጽማል። በፋይሉ ውስጥ ክፍት የተተወ ቦታ ካለም ተጠቃሚው በሚሰጠው ስም ወይም ቁጥር ይሞላዋል። ሰዎች ወዲያው ወደዱት። ረጅም ሥራ ያለበት ሰው ማታ ራንኮሙን አስጀምሮ ቤቱ ይገባል፤ ሥራው ሌሊቱን ያለ እሱ ይቀጥላል።

ፑዛን ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ይኸው ሐሳብ መልቲክስ በተባለው አዲስ ሥርዓት ውስጥ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ጽፎ አስቀመጠ። ትዕዛዝ ተቀብሎ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚጠራውን ክፍል ሼል ብሎ የሰየመው እሱ ነው። የመጀመሪያውን የመልቲክስ ሼል በ1965 የሠራችው ግሌንዳ ሽሮደር ናት። መልቲክስ ከራንኮም አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ትዕዛዝ አስቀድሞ ይፈጸማል፤ የመለሰው ቃል በቅንፉ ቦታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ትዕዛዝ የሚፈጸመው። በዚህ መንገድ የአንዱ ፕሮግራም መልስ የሌላው ትዕዛዝ አካል ሆነ።

ከዚያ ጊዜ እስከ ዛሬ ያለው የስድሳ ዓመት ታሪክ ድንበር የማበጀት ታሪክ ነው። ፕሮግራም ፕሮግራምን ሲጠራ፣ ቀድሞ ሰው ቆሞበት የነበረው ቦታ ባዶ ይሆናል። ሰው ሲያነብ ትክክለኛውን መልስ ከስህተት መልእክት ይለያል፤ የፋይል ስምን ከትዕዛዝ ይለያል፤ ተንኮል ሲያይ ይጠረጥራል። ማሽን ግን ያልተነገረውን አይለይም። ስለዚህ ሰው በዓይኑ ይለየው የነበረውን እያንዳንዱን ልዩነት አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ በሥርዓቱ ውስጥ ማስመር ነበረበት። ሳይሰመር የቀረው ድንበር ደግሞ አንድ ቀን ጉዳት አምጥቷል።

ሃያ ሰባት መስመር

መልቲክስን በጋራ ከሚሠሩት ተቋማት አንዱ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል የሚገኘው ቤል ላብስ ነበር። የሥራው መጓተት ያሳሰበው ቤል ላብስ በ1969 ከፕሮጀክቱ ወጣ። እዚያ የነበሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ግን ከመልቲክስ የቀመሱትን ምቾት መተው አልፈለጉም። ቶምፕሰን በዚያው ዓመት በጋ ፒዲፒ-7 በተባለች አነስተኛ ማሽን ላይ የራሱን ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በኋላ ዩኒክስ የተባለው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሼሉ ፕሮግራም ሲጠራ ራሱ ከማሽኑ ማህደረ ትውስታ ይጠፋና ፕሮግራሙ በቦታው ይጫን ነበር። ፕሮግራሙ ሲጨርስ ሼሉ እንደገና ከዲስክ ይጫናል። ብዙም ሳይቆይ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይሠራበት የነበረው ፎርክ የተባለ ዘዴ ተወሰደ። ፎርክ ሲጠራ በሥራ ላይ ያለው ሂደት ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወላጅ፣ ሌላው ልጅ። ልጁ የተፈለገውን ፕሮግራም ይጭናል፤ ወላጁ ሼል ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሪቺ እንደጻፈው ፎርክ በፒዲፒ-7 ላይ የጠየቀው 27 መስመር ኮድ ብቻ ነው። ዛሬ ማንኛውም ስክሪፕት (በፋይል የተደረደረ የትዕዛዝ ጽሑፍ) በዩኒክስ ወይም በሊኑክስ ላይ የውጭ ፕሮግራም ሲጠራ ከበስተጀርባ የሚከናወነው በመሠረቱ ይኸው ነው።

ፎርክ እንደገባ የተገኘ አንድ ችግር ዛሬም ጀማሪዎችን ያስቸግራል። የሥራ ፎልደር የሚቀይረው ትዕዛዝ በድንገት መሥራት አቆመ። ኮዱ ተነበበ፣ እንደገና ተነበበ፣ ስህተት የለበትም። ምክንያቱ ቆይቶ ተገለጠ፦ ትዕዛዙ አሁን የሚፈጸመው በልጁ ሂደት ውስጥ ነው። ልጁ የራሱን ፎልደር ይቀይራል፣ ሥራውን ጨርሶ ይሞታል፣ ወላጁ ሼል ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። መፍትሔው ይህን ትዕዛዝ ሼሉ ራሱ እንዲፈጽመው ማድረግ ሆነ። በሁለት ሂደቶች መካከል ያለው የመጀመሪያው ድንበር እንዲህ ታወቀ፦ የተጠራ ፕሮግራም የጠሪውን ሁኔታ መቀየር አይችልም፤ የሚመልሰው ውጤቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከውጤት ጋር የተያያዘ ነበር። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ትዕዛዞች አሉ እንበል፤ የመጀመሪያው የፋይሎችን ዝርዝር፣ ሁለተኛው በማሽኑ ላይ ያሉትን ሰዎች ዝርዝር ያወጣል። የሁለቱም ውጤት ወደ አንድ ፋይል እንዲገባ ታዘዘ። ፋይሉ ሲከፈት የሰዎቹ ዝርዝር ብቻ ተገኘ፤ የፋይሎቹ ዝርዝር ተደምስሷል። በፋይሉ ውስጥ እስከ የት እንደተጻፈ የሚያመለክተው ቁጥር ለእያንዳንዱ ሂደት ለየብቻ ይያዝ ስለነበር፣ ሁለተኛው ልጅ ከዜሮ ጀምሮ በመጀመሪያው ላይ ጻፈበት። ቶምፕሰንና ሪቺ ቁጥሩን ከሂደቶቹ አውጥተው ወላጅና ልጆች በሚጋሩት የሥርዓቱ ሠንጠረዥ ውስጥ አኖሩት። ዛሬ የመቶ ትዕዛዞች ውጤት በአንድ መዝገብ ፋይል ውስጥ ሳይደራረብ ተራውን ጠብቆ የሚሰፍረው በዚያ እርማት ምክንያት ነው።

የአትክልት ውኃ ጎማ

የቤል ላብሱ ዳግላስ ማክኢልሮይ ዩኒክስ ከመወለዱ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1964 በተጻፈ ማስታወሻ አንድ ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ውኃ ጎማ መቀጣጠል አለባቸው፤ መረጃውን በሌላ መንገድ ማሸት ሲያስፈልግ ሌላ ቁራጭ መግጠም ብቻ ይበቃል ይል ነበር። ይህን ሐሳብ ለዓመታት አልተወውም፤ ባልደረቦቹን እየደጋገመ ይወተውታቸው ነበር።

ቶምፕሰን በ1973 መጀመሪያ በአንድ ሌሊት ሠራው። ፓይፕ የተባለው ይህ መሣሪያ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ፋይል ውስጥ ሳያሳርፍ በቀጥታ ለሌላው ግብአት ያደርጋል። ቶምፕሰን ፓይፑን ብቻ ሠርቶ አልቆመም፤ በፋይል ስም ብቻ ይሠሩ የነበሩትን ፕሮግራሞችም ከፓይፕ እንዲያነቡ አድርጎ አሻሻላቸው። በማግስቱ የመሪ ሂል ባለሙያዎች በአንድ መስመር የሚያልቁ ቅንጅቶችን እየፈጠሩ እርስ በርስ ሲያሳዩ ዋሉ። በዚያው ዓመት ዛሬም የምንጠቀምበት ቀጥ ያለ ሰረዝ የፓይፕ ምልክት ሆነ።

ፓይፕ ከመጣ በኋላ የፕሮግራም አጻጻፍ ልማድም ተለወጠ። ውጤቱን ሰው ብቻ የሚያነበው ከሆነ አርእስት፣ ጌጥና የደህና ዋል ቃል ቢኖርበት ችግር የለም። ሌላ ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ትርፍ ቃል እንቅፋት ነው። የዩኒክስ ትዕዛዞች ሥራቸው ሲሳካ ዝም የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሌላ ድንበር ተሰመረ። በቤል ላብስ ጽሑፍ በፎቶ የሚያትም መሣሪያ ነበር። ከመሣሪያው የሚወጣውን ሰፊ ወረቀት መጥፎ ሽታ ባለው የማጠቢያ ማሽን ውስጥ አሳልፎ ለብዙ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ሰዎች ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ በወረቀታቸው ላይ ያገኙት አንድ መስመር ብቻ ሆነ፤ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም የሚል፣ እጅግ ባማረ ፊደል የታተመ የስህተት መልእክት። የስህተት መልእክቱ ከውጤቱ ጋር በአንድ ቦይ ይፈስ ስለነበር ወደ ሕትመት ሄደ። ቅሬታው በረታ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለስህተት መልእክት ራሱን የቻለ መውጫ ተሠራ። ስቲቭን ጆንሰን ያቆየው ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ለሚጻፍ ስክሪፕት ሁሉ ትምህርት አለው። ውጤትን የሚቀበል ሰው ሁለት መውጫዎችን መጠበቅ አለበት፤ አንደኛው መልስ ነው፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ።

የቦርን ሼል

የቶምፕሰን ሼል ቀላልና ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን ረጅም ስክሪፕት ለመጻፍ አይመችም። ውጤትን ይዞ የሚያቆይ ተለዋዋጭ የለውም። ጆን ማሺ የተባለ የቤል ላብስ ባለሙያ ሼሉን አሻሽሎ ተለዋዋጮችን ጨመረበት። ከዚያ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አልጎል 68 በተባለው ቋንቋ ላይ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ቦርን መጥቶ ከመሠረቱ አዲስ ሼል ጻፈ። በጃንዋሪ 1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጣ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲዎችም ተሰራጨ።

የቦርን ሼል የፕሮግራምን ውጤት መያዝን የዕለት ተዕለት ሥራ አደረገው። ትዕዛዙን በጀርባ ጥቅስ ምልክት መክበብ ብቻ ነው፤ ሼሉ ትዕዛዙን ያስፈጽማል፣ መልሱን ይሰበስባል፣ በመጨረሻ ያለውን የመስመር ማብቂያ ይቆርጣል፣ የቀረውን በቦታው ይተካል። በዚያው እትም ለሲ ቋንቋ ጸሐፊዎች ፒኦፐን የተባለ ተግባር ቀረበላቸው። እሱም የውጭ ፕሮግራም አስነሥቶ ውጤቱን እንደ ተራ ፋይል ለማንበብ ያስችላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥርም ነበር፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ አልተሳካም።

ከምቾቱ ጋር ሁለት ወጥመዶች መጡ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው። ሼሉ የተሰበሰበውን ውጤት በባዶ ቦታ እየቆራረጠ ወደ ቃላት ይከፍለዋል። «የደመወዝ ዝርዝር» የሚባል ፋይል ካለ፣ ስሙ «የደመወዝ» እና «ዝርዝር» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ትዕዛዙ የማጥፊያ ትዕዛዝ ከሆነና «ዝርዝር» የሚባል ሌላ ፋይል በአጠገቡ ካለ፣ ማንም ያልፈለገው ፋይል ይጠፋል። ይህ ወጥመድ ከ45 ዓመት በላይ አልፎትም በየስክሪፕቱ አለ። መድኃኒቱ ውጤቱን በድርብ ጥቅስ ውስጥ ማኖር ነው፤ አጭር ነገር ነው፣ ይረሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከባድ ነው። የሲ ፕሮግራሞች የውጭ ትዕዛዝ ሲያስፈጽሙ ጽሑፉን ለሼሉ ይሰጣሉ፤ ሼሉ ያነበዋል፣ ይተረጉመዋል። የቃላት መለያ ምልክቶቹ ዝርዝር ደግሞ ተጠቃሚው ሊቀይረው በሚችል ተለዋዋጭ ውስጥ ነበር። በ1980ዎቹ አጥቂዎች ይህን ተጠቀሙበት። ሙሉ ሥልጣን ያለው አንድ ፕሮግራም በቢን ፎልደር ውስጥ ያለ ትዕዛዝን ከሙሉ አድራሻው ጋር ሲጠራ፣ አጥቂው አስቀድሞ የአድራሻውን መለያ ሰረዝ የቃላት መለያ አድርጎታል። አድራሻው ይቆራረጣል፤ ሼሉ ቢን የሚባል ትዕዛዝ የተጠራ ይመስለዋል፤ አጥቂው ቢን ብሎ ሰይሞ ያስቀመጠው የራሱ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ይነሣል። ትዕዛዝና መረጃ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ተደባልቀው ሲላኩ የሚመጣው አደጋ በዚያን ጊዜ ታይቶ ነበር። ትምህርቱ ግን ለብዙዎች አልደረሰም።

ስድስት ትዕዛዞች

በ1986 ጆን ቤንትሊ በአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መጽሔት ላይ ይጽፈው በነበረው ዓምድ ለኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት አንድ ሥራ ሰጠው። በጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙትን ቃላት ከነብዛታቸው የሚያወጣ ፕሮግራም ይጻፍ። ክኑት በረቀቀ ዘዴ ሠርቶ ከነማብራሪያው ከአሥር ገጽ በላይ ያዘ። ግምገማውን የጻፈው ማክኢልሮይ ነው። የክኑትን ጥበብ ካደነቀ በኋላ ያንኑ ሥራ በፓይፕ በተያያዙ ስድስት ትዕዛዞች አሳየ፤ ቃላቱን በየመስመሩ መለየት፣ ወደ ትናንሽ ፊደላት መለወጥ፣ መደርደር፣ ተመሳሳዮቹን መቁጠር፣ በብዛታቸው መደርደር፣ የሚፈለገውን ያህል አውጥቶ ማቆም። ከስድስቱ አንዱም ለዚህ ሥራ ተብሎ የተጻፈ አልነበረም። ሌሎች የሠሩትን ፕሮግራም ጠርቶ መልሱን መጠቀም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዲሴምበር 1987 ላሪ ዎል ፐርል የተባለውን ቋንቋ አወጣ። ፐርል የጀርባ ጥቅሱን ከሼል ወሰደ፤ የተሰበሰበውን ውጤት ለመተንተን የሚያስችል ጠንካራ የጽሑፍ ማዛመጃም ነበረው። የሥርዓት አስተዳዳሪዎች ከሼል ወደ ፐርል ጎረፉ። ፐርል በኋላ ከውጭ የመጣ መረጃን «የተበከለ» ብሎ የሚመዘግብበትን አሠራር አመጣ፤ የተበከለ ቃል ሳይመረመር ወደ ውጭ ትዕዛዝ እንዲገባ አይፈቅድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የማይታዘዙ ፕሮግራሞች ነበሩ። የይለፍ ቃል የሚቀይረው ፕሮግራም ከፓይፕ አያነብም፤ በቀጥታ ከተርሚናሉ ነው የሚጠይቀው። በአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ዶን ሊብስ በ1990 ኤክስፔክት የተባለውን መሣሪያ ይዞ መጣ። መሠረቱ ጆን አውስተርሃውት በበርክሌይ የሠራው ቲሲኤል ቋንቋ ነው። ኤክስፔክት የውሸት ተርሚናል ይፈጥራል፤ ፕሮግራሙ ከሰው ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። ስክሪፕቱ ጥያቄውን ይጠብቃል፣ ሲመጣ መልሱን ይጽፋል። ለሰው ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ሳይወድ ለስክሪፕት ተገዛ።

ከድረ ገጽ የመጣ ትዕዛዝ

በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤንሲኤስኤ የተባለ ማዕከል የድረ ገጽ ሰርቨሮች የውጭ ፕሮግራም የሚጠሩበትን ሲጂአይ የተባለ ስምምነት አስተዋወቀ። ሰርቨሩ ጥያቄ ሲደርሰው ፕሮግራም ያስነሣል፤ ፕሮግራሙ ያወጣው ጽሑፍ ለጠያቂው እንደ ገጽ ይላካል። ከዚህ በፊት ስክሪፕቱን የሚጠራው በማሽኑ ላይ የተመዘገበ ሰው ነበር። አሁን ማንም ሰው ከየትም ቦታ መጥራት ቻለ።

ከሰርቨሮቹ ጋር እንደ ናሙና ይቀርብ የነበረ ፒኤችኤፍ የተባለ የስልክ ማውጫ ፕሮግራም ነበር። ጠያቂው የሚጽፈውን ስም ተቀብሎ ወደ ትዕዛዝ ያስገባና ለሼሉ ይሰጠዋል። ጸሐፊዎቹ አደጋውን ስላወቁ አደገኛ ምልክቶችን የሚያመክን ተግባር ነበራቸው። አንድ ምልክት ግን ዘለሉ፤ የመስመር ማብቂያውን። በ1996 ይህ ክፍተት ይፋ ሆነ። አጥቂዎች ከስሙ ቀጥለው የመስመር ማብቂያ፣ ከዚያም የራሳቸውን ትዕዛዝ እየላኩ የተጠቃሚዎችን መዝገብ ከሰርቨሮች ላይ ማንበብ ቻሉ። አደገኛ ምልክቶችን እየዘረዘሩ መከልከል የማያስተማምን ዘዴ ነው፤ ከዝርዝሩ አንድ ከቀረ ሁሉም ከንቱ ነው።

የፊደል ድንበር

የፓይፕ አባት ኬን ቶምፕሰን በሴፕቴምበር 1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ራት ሲበላ፣ በኒው ጀርሲ በአንድ ምግብ ቤት፣ ዛሬ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ ነደፈ። የእንግሊዝኛ ፊደላት እንደ ቀድሞው አንድ ባይት ይይዛሉ፤ ሌሎች ፊደላት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ባይት ይይዛሉ። የቆዩት ፓይፖችና ፕሮግራሞች ሳይሰበሩ የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ በውስጣቸው ማለፍ ቻሉ። በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ሲያካትት፣ አማርኛ በዚህ ቦይ የመፍሰስ መብቱን አገኘ።

የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። ይህ ውጤትን ለሚቀበል ስክሪፕት ትልቅ ጉዳይ ነው። «ሰላም» የሚለውን ቃል አሳይቶ ባይት ለሚቆጥር ፕሮግራም በፓይፕ ብንሰጠው 10 ይመልሳል፤ ዘጠኙ የሦስቱ ፊደላት፣ አሥረኛው የመስመር ማብቂያው። ከፓይፕ በ4,096 ባይት እየቆረሰ የሚያነብ ፕሮግራም ባዶ ቦታ የሌለው የግዕዝ ጽሑፍ ቢደርሰው፣ 1,365 ፊደላት 4,095 ባይት ይሞላሉ፤ ቀጣዩ ፊደል አንድ ባይቱ በመጀመሪያው ቁራሽ፣ ሁለቱ በሁለተኛው ይቀራሉ። እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም በዚያ ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ያሳያል ወይም በስህተት ይቆማል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ ስክሪፕት ይህን ችግር አይቶት አያውቅም፤ በአማርኛ የሚሠራ ሰው ነው የሚያገኘው። በባይትና በፊደል መካከል ያለውን ድንበር ጠብቆ መሥራት ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የፓይተን ትምህርት

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፓይተን የተባለው ቋንቋ ተስፋፍቶ ነበር። የውጭ ፕሮግራም የመጥሪያ መንገዱ ግን ብዙና የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ውጤት አይመልስም፣ ሌላው የስህተት መውጫውን አይሰጥም፣ ብዙዎቹ ጽሑፉን በቀጥታ ለሼል ይሰጣሉ። ስዊድናዊው ፒተር ኦስትራንድ ይህን ሁሉ የሚተካ ሐሳብ አቀረበ፤ ሳብፕሮሰስ የተባለው ክፍል በኖቬምበር 2004 ከፓይተን 2.4 ጋር ወጣ።

ኦስትራንድ ያሰመራቸው ድንበሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ትዕዛዙ እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ዝርዝር ይሰጣል፤ የፕሮግራሙ ስም ለብቻው፣ እያንዳንዱ ግብአት ለብቻው። ፕሮግራም ጸሐፊው ሆን ብሎ ካልጠየቀ በስተቀር ሼል መካከል አይገባም። «የደመወዝ ዝርዝር» አንድ ስም ሆኖ ይደርሳል፤ በስሙ ውስጥ የተደበቀ ትዕዛዝም እንደ ተራ ፊደል ይታያል። ሁለተኛ፣ የተጠራው ፕሮግራም ጭራሽ ካልተገኘ ጠሪው በግልጽ ይነገረዋል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን መውጫዎች በአንድ ጊዜ የሚያነብ ዘዴ ቀረበ።

የሦስተኛው አስፈላጊነት ማብራሪያ ይፈልጋል። ፓይፕ የተወሰነ መጠን ብቻ ይይዛል፤ በዛሬው ሊኑክስ በተለምዶ 65,536 ባይት ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ የመልሱን መውጫ እስከ መጨረሻ አነባለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ የተጠራው ፕሮግራም የስህተት መውጫውን ሞልቶት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ልጁ ወላጁ እንዲያነብለት ይጠብቃል፤ ወላጁ ልጁ እንዲጨርስ ይጠብቃል። ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ፤ የስህተት መልእክት የለም፣ ጫጫታ የለም። በትንሽ መረጃ ሲፈተን የሚሠራ ስክሪፕት በትልቅ መረጃ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በዲሴምበር 2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የተሰበሰበ ውጤትን በመጀመሪያ እንደ ባይት ይሰጣል፤ ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው ጸሐፊው ሲያዝ ብቻ ነው። ብዙዎች አጉረመረሙ። ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ ግን ይህ ፍትሕ ነው፤ ፊደሉ በየት በኩል እንደሚተረጎም በግምት ሳይሆን በግልጽ ይወሰናል።

በእነዚሁ ዓመታት ጄፍሪ ስኖቨር በማይክሮሶፍት ሌላ መንገድ ያዘ። የዩኒክስን የጽሑፍ ፓይፕ ወደ ዊንዶውስ ለማምጣት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ዊንዶውስ የሚተዳደረው በጽሑፍ ፋይሎች ስላልሆነ። በ2002 ሐሳቡን ጽፎ አቀረበ፤ በኖቬምበር 2006 ፓወርሼል ወጣ። በፓወርሼል ፓይፕ ውስጥ የሚፈሰው ጽሑፍ ሳይሆን ስምና ዋጋ ያላቸው መስኮችን የያዘ ቅርጽ ያለው መረጃ ነው። ተቀባዩ በሦስተኛው ዓምድ ያለው ቃል ምን እንደሆነ መገመት አያስፈልገውም። የዩኒክሱም ዓለም ወደዚያ አቅጣጫ ተራመደ። ጂት የተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ ለስክሪፕት የሚሆን፣ ከእትም እትም የማይለዋወጥ የውጤት መልክ አዘጋጀ፤ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችም ውጤታቸውን ጄሰን በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ማውጣት ጀመሩ።

ሃያ አምስት ዓመት የተኛ ስህተት

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2014 ስቴፋን ሻዜላስ ያገኘው ስህተት ይፋ ሆነ። ሼልሾክ ተባለ። የተገኘው ብራያን ፎክስ በ1989 ባወጣውና በኋላ በሊኑክስ ላይ ዋነኛ ሼል በሆነው ባሽ ውስጥ ነው። ባሽ ሲነሣ በዙሪያው ካሉት ተለዋዋጮች ውስጥ የተግባር ትርጉም የሚመስል ጽሑፍ ካገኘ ያነበዋል፤ ከትርጉሙ በኋላ ትርፍ ትዕዛዝ ከተጻፈ ግን ያንንም ይፈጽመው ነበር። ሲጂአይ ደግሞ ከድረ ገጽ ጎብኚ የሚመጣውን መረጃ በእነዚያው ተለዋዋጮች ውስጥ ያኖራል። ሰርቨሩ የሚጠራው ፕሮግራም በየትኛውም ደረጃ ላይ ባሽን ከነካ፣ ጎብኚው የላከው ጽሑፍ ትዕዛዝ ሆኖ ይፈጸማል። ስህተቱ የገባው በ1989 ነው፤ የድረ ገጽ ሰርቨሮች ከመስፋፋታቸው በፊት። ለ25 ዓመት ሲሠራ የኖረ ኮድ ዙሪያው ሲቀየር አደገኛ ሆነ።

ኤፕሪል 2024 ተመሳሳይ ነገር በሌላ በር ገባ። በዊንዶውስ ላይ የተጠራ ፕሮግራም ግብአቱን የሚቀበለው እንደ ዝርዝር ሳይሆን እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ባች የሚባሉት የዊንዶውስ የትዕዛዝ ፋይሎች ደግሞ የራሳቸው የአተረጓጎም ሕግ አላቸው። በደህንነቱ የሚታወቀው ረስት የተባለው ቋንቋ እንኳን ለዚህ ክፍተት ተጋልጦ በ1.77.2 እትሙ እርማት አወጣ። ሌሎች ቋንቋዎችም ያው ችግር ነበረባቸው። በቋንቋው ውስጥ የተሰመረ ድንበር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካላከበረው መፍረሱ አይቀርም።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ የፖዚክስ አዲስ እትም ወጣ። ፖዚክስ የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጋራ ደንብ ነው። በፓይፕ ከተያያዙት ትዕዛዞች መካከል የመሐለኛው ቢወድቅ ሼሉ በተለምዶ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነበር፤ አዲሱ ደንብ በመካከል የወደቀውም እንዲታወቅ የሚያደርገውን አማራጭ አጸደቀ። የፋይል ስሞችን በባዶ ቦታ ወይም በመስመር ማብቂያ ሳይሆን በስም ውስጥ ፈጽሞ በማይገኘው ዜሮ ባይት እየለዩ ማስተላለፍም በደንቡ ገባ። የቦርን ሼል ከወጣ 45 ዓመት በኋላ፣ የባዶ ቦታው ወጥመድ የጋራ መድኃኒት ተጻፈለት።

ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ተቀምጦ ስክሪፕት የሚጽፍ ወጣት ይህን ሁሉ የተወረሰ ልምድ በእጁ ይዟል። ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። የውጭ ፕሮግራም ስትጠሩ ስሙንና ግብአቱን ለያይታችሁ ስጡ፤ ከሰው የመጣ ቃል ሼል እንዲተረጉመው አትፍቀዱ። የመመለሻ ቁጥሩን ሳታዩ ውጤቱን አትመኑ፤ የስህተት መውጫውን አትዝጉ። ባይቱን ወደ ፊደል ስትለውጡ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ ስክሪፕቱንም በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ጽሑፍና ባዶ ቦታ ባለው የፋይል ስም ፈትኑት። የራሳችሁን ፕሮግራም ስትጽፉ ደግሞ ነገ ሌላ ስክሪፕት እንደሚያነበው አውቃችሁ፣ የማይለዋወጥና ትርፍ ቃል የሌለበት ውጤት ስጡ። እነዚህ ድንበሮች እያንዳንዳቸው ዋጋ ተከፍሎባቸዋል፤ እንደገና መክፈል አይገባንም።